ያልተሰረቁት ደብተሮች

ቤተ መጻሕፍቱ በማዳም ስም እንዲጠራ ሲወሰን ማንም እኔን አልጠየቀም። ዘበኛ ምን ተብሎ ይጠየቃል? ከእኔ በፊት ከተቀጠሩት ግን ዛሬ በግቢው ውስጥ የቀረ የለም። ስለዚህ ይህን የማውቀው እኔ ነኝ፦ የማዳምን ደብተሮች ማንም አልሰረቀም። ያቃጠልኳቸው እኔ ነኝ። በእኔ ዝምታ አንዲት ሴት በዚህ ከተማ ሌባ ተብላ ስትኖር ኖረች።

ኮሌጁ ትንሽ ነው። የክርስቲያን ኮሌጅ ይባል እንጂ ሦስት ክፍልና አንድ ቤተ መጻሕፍት ነው። ማዳም በወጣትነታቸው ከባሕር ማዶ መጥተው እዚሁ ጅቡቲ ያረጁ ሚስዮናዊ አስተማሪ ነበሩ። አማርኛቸው ከእኔ ይልቅ የጠራ ነበር። እንደ እኔ ከአገር ወጥተው በየሰው ቤት ለሚሠሩ የአገራችን ሴቶች የፊደል መማሪያ ያዘጋጁ ነበር። ፊደሉን በእጃቸው ይጽፉና ጎኑ ላይ ሥዕል ይስላሉ፤ «መ» ላይ መጥረጊያ፣ «ቁ» ላይ ቁልፍ፤ የቤት ሠራተኛ በየቀኑ የምትይዘውን ዕቃ። አሥራ አንድ ደብተር ሞልተው ነበር። ሌላ ቅጂ አልነበረውም።

አንድ ክረምት ለእረፍት ወደ አገራቸው ሊሄዱ ሲሉ ጠሩኝ። «ዕቃ ቤት ሁለት ካርቶን አለ። ‹ይቃጠል› ብዬ የጻፍኩበትን አቃጥል፤ ሌላውን እንዳትነካ።»

«እሺ ማዳም» አልኩ።

ማንበብ አልችልም ነበር። ይህን በግቢው ማንም አያውቅም። በር ላይ ጋዜጣ ይዤ እቀመጣለሁ፣ ገጽ እገልጣለሁ፣ አንዳንዴም እንደተገረመ ሰው ራሴን እነቀንቃለሁ። የጽዳት ሠራተኛዋን እንዳልጠይቅ እሷም አታነብም። ተማሪዎቹን ብጠይቅ ይስቁብኛል። ሁለቱንም ካርቶን ከፍቼ አየሁ። አንዱ ውስጥ ያለው የታተመ ነው፤ ፎቶ ያለበት፣ የሚያብረቀርቅ። ሌላው በእጅ የተጫጫረ፣ ጠርዙን ምስጥ የጀመረው። የታተመ ነገር ዋጋ ያለው መሰለኝ። በእጅ የተጻፈውን ይዤ ወደ ጓሮ ሄድኩ።

ከሰባት ሰዓት በኋላ ነበር፤ ጫት ገብቶ፣ ሱቅ ተዘግቶ፣ ከተማው የሚተኛበት ሰዓት። በርሜል ውስጥ ለኮስኩት። አንድ ገጽ ከእሳቱ አምልጦ እግሬ ሥር ወደቀ። ቁልፍ ተስሎበታል። ቆንጆ ቁልፍ ነበር። በእንጨት ገፍቼ መለስኩት።

ማዳም ተመልሰው «ደብተሮቼስ?» ሲሉ ያን ጊዜውኑ ገባኝ። አልተናገርኩም። የዕቃ ቤቱ ቁልፍ ዘወትር የሚውለው የጽዳት ሠራተኛዋ ዘንድ ነበር። ደግሞም አሮጌ ጋዜጣ ተፈቅዶላት ካርቲየ 4 በሚባለው ሰፈር ላለች ሳምቡሳ ሻጭ ለመጠቅለያ ትወስድ ነበር። የዚያን ጊዜው ዳይሬክተር «ሸጣቸዋለች» አለ፤ በቃ። ማለች፣ አለቀሰች። ማዳም አላባረሯትም፤ ስትባረርም አልከለከሉም። ስትወጣ ፌስታሏን እንድፈትሽ ታዘዝኩና ፈተሽኩ። አንድ ነጠላና አንድ ሳሙና። እኔ መሃይም ከምባል እሷ ሌባ ብትባል ይሻላል አልኩ። በልቤ ነው ያልኩት፤ ግን ብያለሁ።

ከዚያ በኋላ ለአንድ ወር ያህል ማዳም በየቀኑ ካርቲየ 4 ወረዱ። ዘንቢል ይዤ የምከተላቸው እኔ ነኝ። ከየሳምቡሳ ሻጩ ይገዛሉ፤ ጥላ ሥር ቆመው መጠቅለያውን ይፈታሉ፤ ዘይት የጠጣውን ወረቀት ወደ ፀሐይ አንስተው የእጅ ጽሑፋቸውን ይፈልጋሉ። የፈረንሳይኛ ጋዜጣ። የዐረብኛ ደረሰኝ። የልጆች የቤት ሥራ። ሳምቡሳውን ለእኔ ይሰጡኛል። እበላ ነበር። ይርበኝ ነበራ።

አንድ ቀን ፍለጋውን ተዉት። «ከአንተ ጋር እንደገና እጀምራለሁ» አሉኝና አዲስ ደብተር ዘረጉ። አለማንበቤን መቼ እንደነቁ አልነገሩኝም። ፊደል የቆጠርኩት ፂሜ ከሸበተ በኋላ ነው፤ እሳቸው በትዕግሥት፣ እኔ በንዴት። እያንዳንዱን ፊደል ሳውቅ ያቃጠልኩት ይሄ ነበር እላለሁ። ‹ይቃጠል› ያሉት ካርቶን ዕቃ ቤት እንደተቀመጠ ነበር፤ እኔ መሆኔን ያውቁ ይሆን? አንድም ቀን አላሉም። ቢያውቁና ዝም ብለውኝ ከሆነ ይቅር አልላቸውም፤ ለእኔ ያዘኑትን ለሷም ማዘን ነበረባቸው። ዐረፉ። ሁለተኛው ደብተር ግማሽ ላይ ቆመ።

ከዚያ ወዲህ ከሰዓት በኋላ ብቻዬን ስሆን፣ ከንባብ ክፍሉ ውስጥ ወረቀት ሲፈታ እሰማለሁ። መጽሐፍ ሲገለጥ አይደለም፤ እሱን ለይቼ አውቃለሁ። ዘይት የጠጣ ወረቀት ነው፤ ቀስ ተብሎ፣ እንዳይቀደድ ተፈርቶ ሲፈታ። ገብቼ አያለሁ። ማንም የለም፤ ወንበራቸው ብቻ። በመናፍስት የማምን ሰው አይደለሁም። ግን ለዚያ ክፍል ጀርባዬን ሰጥቼ አልቀመጥም።

ዘንድሮ ለስያሜው በዓል ግድግዳ ላይ የሚሰቀል ሰሌዳ ተዘጋጀ። የአሁኑ ዳይሬክተር ወጣት ፓስተር ነው፤ የሰሌዳውን ጽሑፍ በወረቀት ሰጠኝ። «ጋሼ፣ በዕለቱ የሚያነቡልን እርስዎ ነዎት። የማዳም ፍሬ እርስዎ አይደሉ?»

አራተኛው መስመር ላይ እንዲህ ይላል፦ የዕድሜ ልክ ድካማቸው የሆኑት ደብተሮች በአንዲት የጽዳት ሠራተኛ ተሰርቀው ጠፉ።

ወረቀቱን አጥፌ ሀራሙስ ወደሚባለው የሀብታሞች ሰፈር ሄድኩ። ያቺ የተባረረችው ሴት እዚያ አንድ ቪላ ውስጥ ወጥ ሠሪ ናት። የበሩ ጠባቂ ጠራልኝ። እጇ ላይ የዓሣ ቅርፊት ተለጥፎ መጣች።

«አንተ ዘበኛ፣ አልሞትክም?»

«አልሞትኩም።»

«ምን ፈለግህ? ቶሎ በል፣ እሳት ላይ ጥጄ ነው የመጣሁት።»

አነበብኩላት።

«ድገመው።»

ደገምኩት።

«ስሜ አለበት?»

«የለም።»

«ባይኖርስ! ከእኔ ሌላ ማን ነበር?»

ያን ጊዜ ነገርኳት። ካርቶኑን፣ በርሜሉን፣ ሁሉንም። እጇን በሽርጧ ጠረገች፤ ጠርጋ ጠርጋ አልጨረሰችም።

«ፌስታሌን ስትፈትሽ ታውቅ ነበር?»

«አውቅ ነበር።»

«ሳሙናዬን አሽትተህ ነው የመለስከው» አለች። ይህን እኔ ረስቼው ነበር። «አርብ አርብ የአገራችን ሴቶች ካርቲየ 4 ይሰበሰባሉ። እኔ ስገባ ቦርሳቸውን ወደ ጭናቸው ይስባሉ። ይኸው እስከ ዛሬ በሩ ሥር ነው የምቀመጠው። ለእኔ አትንገረኝ፤ እኔማ እንዳልሰረቅኩ አውቃለሁ። ለሰው ንገር።»

በበዓሉ ቀን በማይክሮፎን አነበብኩ። አራተኛው መስመር ላይ ስደርስ ወረቀቱን አወረድኩና «ይህ ውሸት ነው። ማንም አልሰረቀም። ያኔ ማንበብ ስለማልችል ያቃጠልኳቸው እኔ ነኝ» አልኩ።

ፓስተሩ ተነስቶ አቀፈኝ፤ እንባው ይወርዳል። ማይክሮፎኑን ከእጄ ወሰደ።

«አያችሁ ወገኖቼ! ማዳም የዘሩት ዘር ይህ ነው! የሌላዋን ኃጢአት በራሱ ላይ ወሰደ!»

«አሜን!» አለ ጉባኤው።

«አይደለም፣ እኔ ነኝ» እላለሁ። እልልታው ዋጠው። አንድ የውጭ አገር እንግዳ በአስተርጓሚ ተነግሮት መጥቶ እጄን ሳመኝ። በሕይወቴ እንደዚያን ቀን ተከብሬ አላውቅም።

በማግስቱ ቢሮው ገባሁ። «ፓስተር፣ እውነቴን ነው የተናገርኩት።»

«ቢሆንስ ጋሼ? ሰሌዳው ተሰቅሏል። የሞተ ሰው ክብር ባናናጋ።»

«በሕይወት ያለችውስ?»

«እንጸልይላታለን።»

አርብ ካርቲየ 4 ሄድኩ። ሴቶቹ ከሚሰበሰቡበት ቤት በር ውጭ ጫማ ተኮልኩሏል። ውስጥ ሴቶቹ ምንጣፍ ላይ ተደርድረው ይሳሳቃሉ። እሷ በሩ ሥር ናት፤ ቀና ብላም አላየችኝ። ቆሜ ተናገርኩ፤ ያለ ማይክሮፎን፣ ያለ ወረቀት። አሜን ያለ የለም።

«ምን አልክ አንተ?» አለች አንዷ። «እኔ እኮ ያኔ ሥራ ፈልጊልኝ ስትለኝ ሌባ ሰው ቤት አላስገባም ብያታለሁ! በዚህ አፌ!»

«እርኩስ! እህት የለህም?»

«ማንበብ ተማርኩ ብሎ ሊያነብልን መጣ ደግሞ!»

አንዷ ከደጁ አንድ ነጠላ ጫማ አንስታ ወረወረችብኝ፤ ትከሻዬን አገኘኝ። አመኑኝ። አንድ ደቂቃ አልፈጀባቸውም።

በዕድሜ ትልቋ ሴት ከጎኗ ቦታ ለቃ «ነይ እህቴ፣ ነይ ወዲህ ግቢ» አለቻት።

«እዚሁ ይሻለኛል» አለች። ድምፅዋ ቁጣ የለበትም። «ለምጄዋለሁ።»

ሴቶቹ አንገታቸውን ደፉ። ለመውጣት እግሯን ተራምጄ ማለፍ ነበረብኝ፤ አላነሳችልኝም።

«ስትወጣ በሩን አትዝጋው» አለችኝ፣ «ይሞቃል።»