ቲቸር ትርንጎ ሽማግሌ ይዘው የሄዱ ዕለት

በሰኔ ወር፣ ሐሙስ ጠዋት አንድ ሰዓት ተኩል ላይ፣ የእንግሊዝኛ መምህሬ ቲቸር ትርንጎ ንፋስ መውጫ በሚገኘው የኪራይ ቤታቸው አረፉ። የስኳር ሕመም ነበረባቸው። ትዳር አልያዙም፤ ልጅ አልወለዱም። ቀብራቸው በማግስቱ ከቀትር በኋላ ተፈጸመ።

እኔ ባሕር ዳር በሬዲዮ ዘጋቢነት እሠራለሁ። በሌሊት ሚኒባስ ተሳፍሬ ለቀብሩ ደረስኩ። ካህናቱ ፍትሐቱን ሲያደርሱ ዝናብ መጣ። ከፊቴ የቆሙት ሽማግሌዎች የደረቡት ባና ረጠበና የበግ ጠጉር ሽታው ተነሣ፤ ጢስና ላብ የተቀላቀለበት፣ ከባድ ሽታ። ያን ጊዜ የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ ሆንኩ። ቲቸር ትርንጎ ከሲማዳ የተመለሱ ዕለት የለበሱት ጃኬት እንዲህ ይሸት ነበር። ያለ ወቅቱ የጣለ ዝናብ መትቷቸው፣ አብረዋቸው ከሄዱት ሽማግሌዎች አንዱ ባናውን አልብሷቸው ነበር የመጡት።

ዘጠነኛ ክፍል በገባንበት ዓመት እያንዳንዱ ክፍል ውስጥ ፕላዝማ ነበረ። ከሰሌዳው ጎን፣ በብረት ሣጥን ውስጥ የሚቆለፍ ትልቅ ቴሌቪዥን ነው። ደወል ሲደወል ቲቸር ሣጥኑን በቁልፍ ይከፍቱታል፤ በሳተላይት የሚመጣው መምህር በማንሰማው ፍጥነት እንግሊዝኛውን ያወርደዋል፤ እሳቸው ጥግ ላይ ቆመው ይጠብቃሉ። አንዳንድ መምህራን በዚህ ተናደው ክፍል መግባት ትተው ነበር። ቲቸር ትርንጎ ግን መብራት እስኪጠፋ ይጠብቁ ነበር። ንፋስ መውጫ ደግሞ መብራት ሳያስጠብቅ ይጠፋል። ስክሪኑ ጥቁር ሲሆን ከቦርሳቸው ሽፋኑ የተገነጠለ መጽሐፍ ያወጣሉ፤ በእንግሊዝኛ ያነባሉ፤ ወዲያው በአማርኛ ይመልሱታል።

መጽሐፎቹ ስለ መጪው ዘመን የተጻፉ ነበሩ። ወደ ሌላ ኮከብ የሚሄዱ መርከቦች፣ የሚያስቡ ማሽኖች፣ ከምድር የራቁ ፕላኔቶች። ቲቸር ዩኒቨርሲቲ ሳሉ የማስተርስ ጥናታቸውን የጀመሩት በእነዚህ ላይ ነው፤ በሳይንስ ልብ ወለድ ውስጥ ሴቶችና ጥቁሮች የት እንደ ቆሙ መመርመር ፈልገው ነበር። አማካሪያቸው፣ «ይኼ የኛ ጉዳይ አይደለም። እኛ ገና ዛሬን ጽፈን አልጨረስንም» እንዳሏቸው ነግረውናል። ባሕር ማዶ ጥቁር ሴቶች የራሳቸውን መጪ ዘመን እየጻፉ፣ የሌላውንም እየተቹ መሆኑን እሳቸው ያውቁ ነበር። ጥናቱን በእንጥልጥል ትተው ለማስተማር መጡ። እንደሚጨርሱት ግን እርግጠኛ ነበሩ።

የመብራት መጥፋቱ ጊዜ አልበቃ ሲል ረቡዕ ረቡዕ ከትምህርት በኋላ ሴቶቹን ቤተ ሙከራው ውስጥ ይሰበስቡን ጀመር። ቤተ ሙከራ ይባል እንጂ ከተሰበረ ማይክሮስኮፕና ከጥቂት ባዶ ብልቃጥ በቀር ምንም አልነበረውም። የአልኮል ፋኖስ ሽታ ግን ከግድግዳው አልለቀቀም።

አባታቸው በሲማዳ የታወቁ የቅኔ መምህር ነበሩ። ቲቸር ልጅ ሳሉ ከጉባኤው ውጪ፣ ከጎጆው ግድግዳ ኋላ ተቀምጠው ያዳምጡ እንደ ነበር ነግረውናል። ተማሪው ቅኔውን ቆሞ ያቀርባል፤ የኔታ በዝምታ ይሰማሉ፤ ከዚያ የጎደለውን ይነግሩታል። ቲቸር ይህንን አሠራር ለእኛ አመጡት። አንዷ ታነባለች፤ የቀረነው ዝም ብለን እንሰማለን፤ ከዚያ በየተራ እየተነሣን ጎደሎውን እንናገራለን። «ደበሎ የለበሰ ልጅ ጎደሎ አውጥቶ ካሳየ እናንተ በዩኒፎርም ምን ያቅታችኋል?» ይሉን ነበር። መጽሐፉ ጥሩ ነው ወይም መጥፎ ነው ማለት አይፈቀድም። የሚፈቀደው፣ በዚህ ታሪክ ውስጥ ማን የለም? ካሉትስ መካከል ሥራ እየሠራ ስም ያልተሰጠው ማን ነው? ብሎ መጠየቅ ነው።

ከሁላችን የምትበልጠው ብርቄ ነበረች። ከሲማዳ፣ ከወገዳ አጠገብ ካለ ቀበሌ መጥታ አክስቷ ቤት ተቀምጣ ነው የምትማረው። ቀጭን፣ ጥቁር፣ ስትናገር ቀሚሷን ከጎኑ ጨምድዳ የምትይዝ ልጅ። አንድ ረቡዕ፣ ሦስት መቶ ዓመት ስለምትጓዝ መርከብ የሚተርክ ታሪክ ተነበበ። ብርቄ ተራዋ ሲደርስ ተነሣች።

«ቲቸር፣ በመርከቧ ላይ ያለችው ሴት አንድ ናት አይደል?»

«አንድ ናት። የካፒቴኑ ሚስት።»

«ታዲያ ሦስት መቶ ዓመት ሙሉ ማን ሊወልድላቸው ነው?»

ሳቅን። ብርቄ አልሳቀችም።

«ደግሞ እዚያ ፕላኔት ላይ ያሉት፣ ማዕድን የሚቆፍሩት ጥቁር ፍጡሮች ስም የላቸውም። ራባቸው አይልም፤ ደከማቸው አይልም። የኛ ቤት በሬዎች እንኳ ስም አላቸው። የጻፈው ሰውዬ እኛን አይቶ ይመስለኛል የጻፋቸው።»

ቲቸር ትርንጎ ጠመኔውን አስቀምጠው፣ «ተቀመጪ ብርቄ። እኔ ይህን ለማለት መቶ ገጽ ፈጅቻለሁ» አሏት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ስለ ጥናታቸው ሲያወሩ «የኔ ጥናት» ማለት ትተው «የኔና የብርቄ ጥናት» ይሉ ነበር። ብርቄ አሥረኛ ክፍል ስትጨርስ ዩኒቨርሲቲ እስክትገባ ሊያስተምሯት፣ ከዚያም አብረው ሊጽፉት አሰቡ። ይህን በፊታችን ነው የተናገሩት፤ እንደ ቀልድም አልነበረም።

ጥምቀት ካለፈ በኋላ ብርቄ ከትምህርት ቤት ቀረች። አክስቷን ስንጠይቅ፣ «ታጭታለች እኮ፤ ሰርጓ ከፋሲካ በኋላ ነው። አባቷ ጠርቷት ሄደች» አሉን።

ቲቸር ትርንጎ ሴት ናቸው፤ ያውም ያላገቡ። ብቻቸውን ሄደው የሰው አባት ማነጋገር አይችሉም። ስለዚህ እንደ አገሩ ወግ ሽማግሌ ይዘው ለመሄድ ወሰኑ። ከአባታቸው ደቀ መዛሙርት መካከል ሦስቱን ለመኑ።

ከዚህ በኋላ ያለውን እኔ በዓይኔ አላየሁም። ከሦስቱ ሽማግሌዎች በሕይወት ያሉት መሪጌታ አድማሱ፣ በቀብሩ ዕለት ድንኳን ውስጥ ነገሩኝ። ቃላቸውን በኋላ ብርቄ ከነገረችኝ ጋር አስተያይቼዋለሁ፤ ይገጥማል።

በአርብ ገበያ በኩል በጭነት አይሱዙ ሄዱ፤ ከዚያ በእግርና በተከራዩት በቅሎ። የብርቄ አባት፣ አያ ሙጬ፣ አውድማ ላይ ነበሩ። ሦስት ባና የደረቡ፣ ዘንግ የያዙ ሽማግሌዎች ደጃፋቸው ላይ ቆመው «ቤቶች!» ሲሉ ሰሙ። ግቡ ቢባሉ አልገቡም። ተቀመጡ ቢባሉ አልተቀመጡም። በዚያ አገር ቆሞ እምቢ የሚል ሽማግሌ የሚፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ልጅ ለጋብቻ። ቲቸር ትርንጎ እንደ ደንቡ ከኋላ፣ የበቅሎዋን ልጓም ይዘው ቆመዋል።

«ስለ ልጅዎ ነው የመጣነው» ብለው መሪጌታ ጀመሩ።

«ልጄ ሰው አላት» አሉ አያ ሙጬ።

«እንሰማለን። ግን የኛንም ይስሙን።»

መሪጌታ ይህን ሲነግሩኝ እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ ዘርግተው መሬቱን ያዩ ነበር። «ልጄ፣ ሽማግሌ ቶሎ አይናገርም። ቶሎ የተናገረ ሽማግሌ ወፈፌ ነው የሚባል። መጀመሪያ መረቅን። ከብቱን መረቅን፤ አውድማውን መረቅን። የዘመኑን ነገር አነሣን። ትምህርት የምትለዋን ቃል ለመጨረሻ ነው ያስቀመጥናት፤ እንደ ወጉ። ሰውዬው ግን ገና ምርቃቱ ላይ ሳለን ልጁን ጠርቶ በጆሮው አንሾካሾከለት። ልጁ በጓሮ በኩል ሮጠ። ውሃ ሊያመጣልን መስሎኝ።»

ልጁ የሮጠው ወደ ሙሽራው ቤተሰብ ነበር። መልእክቱም፣ ሌላ ወገን ሽማግሌ ልኳል የሚል ነው። አያ ሙጬ የፈሩት ግልጽ ነው፤ ሽማግሌው እምቢ ሲባል የላከው ሰው ጠላፊ ይዞ ይመለሳል። እንዲህ ያለ ነገር በዚያ ቀበሌ ደርሶ ያውቃል። መሪጌታ በመጨረሻ ትምህርት የምትለዋን ቃል ሲያወጧት አያ ሙጬ ሳቁ።

«ለትምህርት ሽማግሌ ይላካል እንዴ? በሉ፣ የላካችሁን ሰውዬ ስሙን ንገሩኝ።»

«የላከችን እሷ ናት» ብለው መሪጌታ ወደ ቲቸር አመለከቱ።

«ሴት ለሴት ሽማግሌ ላከች? ደግ። ወንድሟ ማን ነው?»

ቲቸር ያን ጊዜ ብቻ ተናገሩ። «ወንድም የለኝም፣ አያ ሙጬ። ብርቄን ለራሴ ነው የምፈልጋት፤ አብራኝ እንድትጽፍ።»

መሪጌታ እዚህ ላይ ሳል ይዟቸው ቆዩ። «እውነቱን ተናገረች። የባሰውም እሱ ነው። ሰውዬው ነገር የደበቅነው መሰለው።»

ሰርጉ ለዳግማ ትንሣኤ ነበር የተቆረጠው። በዚያው ሳምንት፣ ዐቢይ ጾም ሳይገባ፣ ያለ ድግስ ተደረገ። ቲቸር ወሬውን የሰሙት ከተመለሱ በኋላ ነው። ማክሰኞ ፕላዝማው ላይ ያለው መምህር እየተናገረ ሳለ መብራት ጠፋ። እንደ ልማዳችን ሁላችንም ወደ እሳቸው ዞርን። በመስኮቱ ወደ ጉና ተራራ በኩል ሲያዩ ቆዩና፣ «መልመጃ ሁለትን ሥሩ» አሉን። ረቡዕ ቤተ ሙከራው አልተከፈተም። ከዚያ ወዲያም አልተከፈተም።

እስከ ዕለተ ሞታቸው ሰዋስው አስተማሩ። ጎበዝ መምህር ነበሩ፤ የሚያውቋቸው ሁሉ ይመሰክራሉ። ጥናታቸውን አልጨረሱትም። ዩኒቨርሲቲ ሳለሁ ለእረፍት መጥቼ አንድ ጊዜ ስለ ብርቄ ጠይቄያቸዋለሁ።

«ሄደው አይተዋት ያውቃሉ?»

«በምን ዓይኔ?» አሉኝ። «እስከ ፋሲካ ቀን ነበራት። እኔ ነኝ የቀማኋት። ብታየኝ ምን ትለኛለች?»

ከቀብሩ በኋላ ወገዳ ሄድኩ። መንገዱ ጭቃ ነው፤ ባጃጁ ሁለት ጊዜ ተገፋ። ብርቄ በረንዳ ላይ ምስር እየለቀመች አገኘኋት። ፊቷ ሞልቷል፤ ስትናገር ግን ያው ቀሚሷን ትይዛለች። ባሏ ደግ ሰው መሆኑን ነገረችኝ፤ ቤቱን ሳየው አመንኳት። ስለ ቲቸር ስነግራት ሰፌዱን አስቀመጠች። ለረጅም ጊዜ አላለቀሰችም፤ ከዚያ አለቀሰች።

«ያን ዕለት እቤት ነበርሽ?» አልኳት።

«ከጎተራው ኋላ። በቀዳዳ አየኋቸው እኮ። በቅሎዋን ይዘው፣ ዝናብ እየመታቸው።»

«ለአባትሽ ለምን አልነገርሽም? ቲቸር ለጋብቻ እንዳልመጡ?»

«የተሰጠች ልጅ ታወራለች እንዴ? አንቺ ደግሞ።»

«ቂም ይዘሽባቸው ነበር?»

እንዳልገባት ሰው አየችኝ። «የምን ቂም? ለኔ ብሎ ሽማግሌ የላከ ሰው ሁለት ነው። አንዱ ለቤቱ፤ እሳቸው ለጭንቅላቴ። ይመጣሉ ብዬ ስንት ዓመት ገበያ ስወጣ ዓይኔ መኪና ላይ ነበር። ረሱኝ አልኩ። ከተማ አይደሉ፣ ሌላ ጎበዝ ልጅ አገኙ አልኩ።»

ቲቸር ያሉኝን ነገርኳት። ምስሩን አነሣችና እንደገና መልቀም ጀመረች። እጇ ግን ጠጠሩን ከምስሩ አይለይም ነበር፤ ሁሉንም አንድ ላይ ትገፋው ነበር።

ልጇ ማኅሌት በሩ ላይ ተቀምጣ በስልክ ፊልም ታያለች። መርከብ አለ፤ ከዋክብት አሉ። ብርቄ ቀና ሳትል ጠየቀቻት።

«ቅድም የነበረችው ጥቁሯ ሴትዮ የት ሄደች?»

«ሞተች፣ እማ።»

«መቼ?»

«መጀመሪያ ላይ።»

«የሞተችው ማንን ልታድን ነው?»

ልጅቷ ፊልሙን አቁማ አሰበች። «ካፒቴኑን።»

«እሺ። ስሟስ ማን ነበር?»

ማኅሌት ፊልሙን ወደ ኋላ መለሰችው፤ ስልኩን ወደ ጆሮዋ አስጠግታ ካዳመጠች በኋላ፣ «አልተናገሩም» አለች።

የቲቸር ትርንጎ አርባ ንፋስ መውጫ ላይ ወጣ። ብርቄ ከወገዳ በአይሱዙ ተሳፍራ መጣች። ማኅሌትን ይዛት ነበር። ማኅሌት በመስከረም ስምንተኛ ክፍል ትገባለች።