ጠራዡ የዋጣት አንድ ጉንጭ

የምስራች ልንገራችሁ። ጠጥቶ አላበደም። አንድ ጉንጭ ሙሉ አረቄ፣ ያውም በጠራራ ፀሐይ፣ በሥራ ሰዓት ዋጠ፤ ማንንም አልመታም፣ ልብሱን አልጣለም፣ ግድግዳ አልቧጠጠም። እንዲያውም ጥርሱ ተሻለው።

ማን ነው ካላችሁ የማተሚያ ቤታችን ጠራዥ ነው። ከኋላ ባለችው ጠባብ ክፍል፣ በሙጫው ቆርቆሮና በመጭመቂያው መካከል ተቀምጦ የሰው መጽሐፍ ሲሰፋ ፀጉሩ የሸበተው ሰው። ዕድሜውን ሙሉ መጠጥ ከንፈሩን ነክቶት አያውቅም። ደስታ ላይም ውሃ፣ ሐዘን ላይም ውሃ። ሰው ሁሉ «አብሾ» ይለዋል፤ እሱም ለምዶት «አቤት» ይላል።

ነገሩ የመጣው ከልጅነቱ ነው። ትምህርት አልዘልቀው ብሎ ነበር። ጠዋት ያጠናው ማታ የለም፤ ውሃ በወንፊት ማለት ነው። እናቱ ስትብሰለሰል ወንድሟ መጣና «ይኼ ምን ያስጨንቃል እህቴ? አስተናግር በየአጥሩ ሥር በቅሎልሽ» አላት። ያ ነጭ አበባው እንደ ጡሩንባ የተከፈተ፣ ፍሬው እሾህ የለበሰ፣ ከብት እንኳ አሽትቶ የሚያልፈው ተክል ነው። ጉዱ ያለው ዘሩ ላይ ነው።

«ሰው ያሳብዳል ሲሉ ሰምቻለሁ» አለች እናቱ።

«የማያውቅበትን ነዋ። የድሮ ሰው እኮ ጥርሱን ሲያመው የዘሩን ጢስ ነበር የሚታጠነው። ሌባ መንገደኛው መጠጥ ውስጥ ይጨምርበትና፣ ሰውየው ከዛፍ ጋር ሲያወጋ ስልቻውን ይዞ እብስ ይላል። ጠንቋዩ ደግሞ እሱን ጠጥቶ የጠፋ በሬ ያለበትን ይናገር ነበር።»

«በሬው ይገኝ ነበር?»

«አንዳንዴ» አለ ወንድምየው። «ተማሪም ጠጥቶት አእምሮው እንደ በር ወለል ይላል። አንድ ነገር ብቻ እወቂ። አብሾ የቀመሰ ሰው መጠጥ በአፉ ሊዞር አይገባም። ከጠጣ ያ ዘር ውስጡ ይነሳና የእናቱን ልጅ አይለይም።»

አብሾ የሚሉት ይህን የዘር መጠጥ ነው። ልጁ ጠጣው። ምላሱ እንደ ጣውላ ደረቀ፣ የዓይኑ ብሌን ሰፍቶ ጠርዙ ጠፋ። ከብርድ ልብሱ ላይ የሌለ ጉንዳን ሲለቅም፣ ከሞተ አያቱ ጋር ስለ አህያ ሲከራከር ሰነበተ። እናቱ ውሃ በጨርቅ እያንጠባጠበችለት «ልጄን ገደልከው» እያለች ወንድሟን ስትረግም፣ እሱ በሩ ላይ ቆሞ «ሲከፈት እንዲህ ነው» ይል ነበር። እውነቱን ለመናገር ልጁ መትረፉ ብቻውን ተአምር ነው።

ዳነ። ከዚያ በኋላ ትምህርቱ ገባው። ከዘሩ ይሁን፣ ዳግመኛ እንዳያጠጡት ፈርቶ ሌት ተቀን ስላጠና ይሁን፣ የጠየቀ የለም። አንደኛ ሲወጣ «ዘሩ ነው» አሉ። የሰደበውን ልጅ በጥፊ ሲመታም «ዘሩ ነው፣ ተነሳበት» አሉ። ጉብዝናውም ንዴቱም የሱ አልሆነም። የማንም ልጅ ተናዶ ይበርድለታል፤ እሱ ሲናደድ ሰው ወንበር ያነሳል።

ካደገ በኋላ አንዲት ልጅ ወደደ፤ እሷም ወደደችው። አባቷን ቢያስጠይቅ «ልጁ ጨዋ ነው፣ ሙያም አለው» አሉ ሰውየው። «ግን አብሾ አለበት። አንድ ቀን አንድ ብርጭቆ ቢሳሳት ልጄን ምን ሊያደርጋት ነው?»

ልጅቷ ግን ሳቀች። «ለምን አንድ ቀን ቀምሰህ አናየውም? እኔ አጠገብህ እሆናለሁ።»

«ባብድስ?»

«እሮጣለሁ። እግሬ ደህና ነው።»

«ብደርስብሽስ?»

አልቀመሰም። የፈራው አባቷን አልነበረም፤ የገዛ እጁን ነው። እሷ ጠበቀችው፤ ጠበቀችውና ሌላ አገባች። ባልዋ ማዕዘኑ ላይ የክርና የቁልፍ ሱቅ ነበረው፤ እሱ ሲሞት ለሷ ቀረ። ጠራዡ የመስፊያ ክር የሚገዛው ከዚያው ነው። «ነጭ ነው ጥቁር?» ትለዋለች። «ነጭ» ይላታል። እንዲህ ሲባባሉ አረጁ።

ዛሬ ጠዋት ታዲያ ጥርሱ አብጦ ጉንጩ ዳቦ አክሎ መጣ። ማሽኒስቱ አየውና «አብሾ፣ ዘሩን እናጭስልህ?» አለው።

«አንዴ ቀምሼዋለሁ፤ ይበቃኛል።»

ወረቀት ቆራጯ፣ እሱ እትዬ የሚላት ትልቋ ሴት፣ ለጉልበቷ የምትቀባትን አረቄ ከመሳቢያዋ አወጣች። «ጥርስህ ላይ ያዛትና ትፋት፤ ያደነዝዝልሃል» አለችው። እምቢ አለ። ሕመሙ ሲጠዘጥዘው ግን እሺ አለ። ገና እንደያዛት ማሽኒስቱ ከኋላው የወረቀት ጥቅል ዱብ አደረገ። ጠራዡ ደነገጠ፤ ደንግጦ ዋጠ።

«ዋጥኩት» አለ። ፊቱ አመድ መሰለ።

«ምን ታረገዋለህ፣ ውሃ ጠጣበት» አለች እትዬ።

«ወስፌውን አንሱ። መቀሱንም፣ ቢላዋውንም። እትዬ፣ አንቺ ራቂ። በሩን ከውጭ ቆልፉብኝ፤ ብለምናችሁም እንዳትከፍቱ።»

እንዳላቸው አደረጉ። ማሽኑ ቆመ፤ እኔም ጭምር ሰው ሁሉ በሩ ጋ ተኮለኮለ። ጠራዡ ውስጥ ሆኖ ሁለቱን እጆቹን ጭኑ ላይ ዘርግቶ፣ የትኛው ቀድሞ እንደሚከዳው ይጠባበቅ ጀመር።

«አብሾ፣ ጀመረህ?» አለ ማሽኒስቱ በቁልፉ ቀዳዳ።

«ገና ነው።»

ቆይቶ ደግሞ «አሁንስ?»

«ጥርሴ ተሻለኝ።»

«ሌላስ?»

«ራበኝ።»

ውጭ ያሉት በሳቅ ፈረሱ። ውስጥ ግን ሳቅ አልነበረም። ሲከፍቱ ጠራዡ የወረቀት እስር ላይ ተቀምጦ እጆቹን እያገላበጠ ያያል። እጆቹ ምንም አላደረጉም። ድሮም ምንም ሊያደርጉ አልነበረም።

«እትዬ፣ ይኼው ነው?» አለ።

«ምኑ?»

«መጠጡ። ይኼው ነው?»

«ይኼው ነው ወንድሜ።»

«እሷ ልክ ነበረች ማለት ነው» አለ።

ማንን ማለቱ እንደሆነ ሁሉም ስለሚያውቅ የጠየቀው አልነበረም። ማሽኒስቱ ሊያጽናናው መሰለኝ፣ ጠርሙሷን አነሳና «እንግዲህ ነፃ ወጣህ፤ ድገም» አለው።

«አልፈልግም። አይጣፍጥም።»

መርፌውን መልሶ ያዘ። ክሩን ሊያስገባ ሞከረ፣ ሳተው፤ ደገመ፣ ሳተው። ከዚያ አንገቱን ሳያቀና «ክር ለመግዛት ወደ ማዕዘኑ የሚሄድ ሰው ካለ...» ብሎ ጀመረና ተወው። መደርደሪያው ላይ ያልተነካ ጥቅልል ክር ሞልቷል።

ለገባው ሰው ይኼ በቂ ነው። እንግዲህ ደህና ዋሉ፤ እኔ ክር ልገዛ ነው። ሱቋን ሳትዘጋ መድረስ አለብኝ። «ነጭ ነው ጥቁር?» ስትለኝ የምመልስላትን እየሮጥኩ አስብበታለሁ።