ከሪጌ እስከ ቶርፕ

ትኬቱን በኢንተርኔት የቆረጥኩት እኔ ስለሆንኩ ጥፋቱን ከማንም ጋር አልካፈልም። የአባቴ ታላቅ እህት ከሮም ልትመጣ ነበር፤ አስራ ዘጠኝ ዓመት አልተያዩም። ትኬቱ ላይ «ኦስሎ» ይላል። ኦስሎ ደግሞ የተወለድኩባት ከተማ ነች። የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነኝ፤ ከዚያ ወዲያ ምን ማንበብ ያስፈልገኛል?

በዚያን ጊዜ ርካሽ አውሮፕላኖች የሚያርፉባቸው ሁለት ትንንሽ ኤርፖርቶች ነበሩ። ሪጌ ፊዮርድ ከሚሉት የባሕር ወሽመጥ በስተምሥራቅ፣ ቶርፕ በስተምዕራብ። ከከተማዋ አንዱ አንድ ሰዓት ገደማ፣ ሌላው ሁለት ሰዓት ያህል ይርቃሉ፤ ሁለቱም ግን ሳያፍሩ ኦስሎ ይባላሉ። ሪጌ ለመንገደኛ ከተከፈተ ብዙ አልቆየም ነበር። እኔም አዲስ ነገር ስለምወድ ሪጌ ነው ብዬ ደመደምኩ።

አባቴ ከሰፈራችን ከሞርተንሩድ ስንነሳ ሠርግ የተጠራ ይመስል ነበር። ከሚያጸዳበት ትምህርት ቤት ፈቃድ ወስዶ፣ ከረቫት አስሮ፣ አበባ ታቅፏል። ሪጌ ደርሰን መውጫው በር ላይ ቆምን። ፀሐይ ያቀላቸው ኖርዌጂያኖች ወጥተው አለቁ። ከዚያ ስልኬ ጠራ።

«ደርሻለሁ፤ የት ናችሁ?» አለች አክስቴ።

«በሩ ላይ ነን።»

«እኔም በሩ ላይ ነኝ።»

በሩ ላይ ከእኛ በቀር ማንም አልነበረም። ግድግዳው ላይ የተጻፈውን እንድታነብልኝ ለመንኳት። ቀስ ብላ፣ ፊደል በፊደል፣ ቶርፕ የሚለውን አነበበችልኝ።

ለአባቴ ነገርኩት። የተሰቀለውን ካርታ በጣቱ ለካና ተጽናና።

«ይኸው ፊት ለፊት ነው። ሁለት ጣት አይሞላም።»

«መሀሉ እኮ ባሕር ነው፣ አባዬ።»

«ያ፣ ያ» አለ፣ እሺ፣ ግድ የለም ለማለት፣ እንደ አገሬው ሰው። «ጀልባ ይኖራል።»

ጀልባስ አለ። እስከ ሞስ ወደብ ነድተን ስንደርስ አንዱ ጀልባ ዓይናችን እያየ ሄደ። የሚቀጥለውን ጠብቀን መኪናችንን አስገባን፣ ግማሽ ሰዓት ውሃ ላይ ቆየን፣ ማዶ ሆርተን ላይ ወርደን ደግሞ ከአንድ ትራክተር ኋላ ተጎተትን። የአባቴ ሁለት ጣት ሁለት ሰዓት ተኩል ፈጀ። አክስቴ አውሮፓን ያቋረጠችው በሦስት ሰዓት ነው።

ጀልባው ላይ አባቴ አበባውን እያየ፣ «ባላውቃትስ?» አለኝ። እስከዚያ ድረስ ስቀልድ ነበር፤ ከዚያ በኋላ ከረቫቱን አቃናሁለት።

ቶርፕ ስንደርስ አክስቴ ጫማዋን አውልቃ፣ ሻንጣዋን ተደግፋ፣ አግዳሚ ወንበር ላይ ተኝታለች። ልቀሰቅሳት ስል አባቴ እጄን ያዘ። አጠገቧ ተቀመጠና ያያት ጀመር። ከደቂቃዎች በኋላ ዓይኗን ገለጠች፤ መጀመሪያ ያየችው ከረቫቱን ነው።

«ማን ሊያገባ ነው?» አለች።

«እትዬ» አለ አባቴ። አንገቷ ላይ ተጠመጠመ፤ አበባው መሀላቸው ተጨፈለቀ።

እንባዋን ጠርጋ ወደ እኔ ዞረች። «ቤታችሁ ቅርብ ነው፣ የኔ ልጅ?»

«ሁለት ሰዓት ይሆናል።»

«ይሄ ኦስሎ አይደለም እንዴ?»

«ትኬቱ ላይ ነው፣ አክስቴ።»

የፊተኛውን በር ከፈትኩላት። እሷ ግን ከኋላ ገባች፤ አባቴም ተከትሏት ገባ። እኔ እንደ ታክሲ ነጂ ብቻዬን ፊት ተቀመጥኩ። መንገድ ላይ ድራመን ከተማ ስንደርስ በልጅነታቸው ስለተሰበረ የጎረቤት መስኮት ይከራከሩ ነበር፤ ማን እንደሰበረው ሳይስማሙ ቤት ገባን።