ጀርባዬን አዙሬ ውሾችን የዳኘሁ ዕለት

የሚዘምረውንም የሚጮኸውንም የፍጥረቱን ድምፅ ሁሉ ለይቶ የሚሰማ አምላክ፣ አብ ወልድ መንፈስ ቅዱስ፣ ስሙ ከፍ ከፍ ይበል። ዕድሜ ጨምሮልኝ ያለፈውን እንዳስብ፣ ያሰብሁትንም እንድጽፍ ስለ ፈቀደልኝ አመሰግነዋለሁ።

ይህን ለመጻፍ ምክንያት የሆነችኝ አንዲት ውሻ ናት። ባለፈው እሑድ ከቅዳሴ ተመልሼ፣ ቶሮንቶ፣ ክሬሰንት ታውን በምንኖርበት ሕንፃ ሊፍት ውስጥ ነጠላዬን እንዳጣፋሁ ቆሜ ሳለሁ፣ አንዲት ወጣት ቀይ ውሻዋን በገመድ ይዛ ገባች። የውሻዪቱ ጆሮ ሹልና ቀጥ ያለ ነው፤ ጅራቷ በጀርባዋ ላይ ተጠቅልሏል፤ ጠጕሯ የደረሰ የቀይ ጤፍ አዝመራ ይመስላል። ወጣቷ ነጠላዬን አይታ «ሶሪ» ብላ ልትወጣ ስትል «ግድ የለም፣ ግቢ» አልኋት፤ ቀጥሎም የውሻዋን ዘር በስሙ ጠርቼ «እርሷ ናት አይደለችም?» ብዬ ጠየቅኋት። እንዲህ ያለው ሽማግሌ ያንን ስም ከየት እንዳመጣው ገርሟት ዓይኗ ፈጠጠ። የሊፍት ጉዞ አጭር ነውና አልነገርኋትም። ለእናንተ ግን ልንገራችሁ።

ወጣት ሆኜ ቶሮንቶ እንደ ገባሁ ሰሞን፣ ኢስት ዮርክ ውስጥ በአንድ የፊንላንድ ተወላጅ አዛውንት ቤት ቤዝመንቱን፣ ማለትም ምድር ቤቱን፣ ተከራይቼ እኖር ነበር። ስማቸው ኤይኖ ይባላል። በእንግሊዝኛ አንተና አንቱ ባይለይም እኔ በልቤ አንቱ እላቸው ነበርና እዚህም እንደዚያው እጽፋለሁ። ሚስታቸው አይላ ዐርፈው፣ አንዲቱ ልጃቸው ሩቅ ሰሜን ተንደር ቤይ ተድራ፣ ከእሳቸው ጋር የቀረችው ሩስካ የምትባል ቀይ ውሻ ብቻ ነበረች።

ሩስካ ስፒትዝ ከሚባሉት፣ ጆሯቸው ሹል ጅራታቸው ጥቅል ከሆነ ውሾች ወገን ናት፤ ወፍ አዳኝ። ይህ ዘር እንደ ሌላው አዳኝ ውሻ አሳድዶ አይነክስም። በጫካ ውስጥ ወፊቱን አስነሥቶ ዛፍ ላይ ካሰፈራት በኋላ፣ ከሥር ቆሞ ዓይኑን ከእርሷ ሳይነቅል ይጮኻል። ወፊቱ በጩኸቱ ፈዝዛ ስትቀር አዳኙ ድምፁን ተከትሎ ይደርሳል፤ የኮቴውንም ድምፅ የውሻው ጩኸት ይሸፍንለታል። እንግዲህ የዚህ ውሻ ሙያው ድምፁ ነው። ኤይኖ ይህን ያስረዱኝ ዕለት በሩስካ ላይ የነበረኝ ቅሬታ ለዘብ አለ፤ እኔም በሀገሬ ዜማ ስማር ያደግሁ፣ የድምፅ ተማሪ ነበርሁና።

ቅሬታ ያልሁት ያለ ምክንያት አይደለም። ውሻ ከቤተ ክርስቲያን ቅጽር እንዳይገባ በር ስጠብቅ ያደግሁ ዲያቆን ነኝ። ለሩስካ የምለብሰው ሱሪ ለብቻው ነበረ። ጧት ጧት ከራሴ በላይ በወጥ ቤቱ መስኮት ቆማ ሽኮኮ ስታይ የምትጮኸው ጩኸት ውዳሴ ማርያሜን ያቋርጠኝ ነበር። እያደር ግን ድምፅዋን ያልሰማሁ ጧት አንድ ነገር የጎደለብኝ ይመስለኝ ጀመር።

ነገሩ የሆነው በነሐሴ፣ በፍልሰታ ጾም ነው። በሀገራችን ሰማዩ የሚያለቅስበት ወር በዚህ የፀሓይ ወር መሆኑን መልመድ ብዙ ዘመን ፈጅቶብኛል። የኤይኖ ሳንባ በዚያ ዓመት ደክሞ ነበር፤ ሲስሉ ጎንበስ ብለው ግድግዳ ይይዛሉ። መከር ሲገባ ልጃቸው መጥታ ወደ ሰሜን ልትወስዳቸው ቀጥራለች። ከዚያ በፊት ግን የሀገራቸው ልጆች ከከተማው ውጭ በየዓመቱ የሚያደርጉት የውሾች ውድድር አለ፤ እዚያ መድረስ ፈለጉ። መኪና መንዳት ስለ ተዉ ጓደኛዬን ጀማልን ለመንሁት። ጀማል የሐረር ልጅ፣ ታክሲ ነጂ፣ ሃይማኖቱን ጠንቅቆ የያዘ ሰው ነው።

«ውሻ ትጭናለህ ወይ?» አልሁት።

«ሰካራም ስጭን የማድር ሰውዬ ውሻ ያቅተኛል? ምራቋ ከነካኝ ግን ስታጠብ ነው የምውለው። የሌሊት ሥራ ሺፍቴ ቀረ ማለት ነው።»

የኋላ ወንበሩን በፕላስቲክ አልብሶ መጣ። በዶን ቫሊ አውራ ጎዳና ሽቅብ ነድተን፣ ከተማው አልቆ የበቆሎ እርሻው ግራና ቀኝ ሲዘረጋ፣ ኤይኖ የሆዳቸውን ነገሩን። በውድድሩ አንደኛ የምትወጣው ሴት ውሻ ከሰሜን ከመጣ አንድ የታወቀ ወንድ ውሻ ጋር ተገናኝታ እንድትወልድ ይደረጋል። የሩስካን እናት በእጃቸው ያሳደጉት አይላ ናቸው፤ ሩስካ ደግሞ እስካሁን አልወለደችም፤ ከዚህ ዓመት ወዲያ ደግሞ ዕድሜዋ ለመውለድ አይፈቅድላትም።

«ዛሬ ካላሸነፈች የአይላ ውሾች በእርሷ አበቁ» አሉ፤ ፊታቸውንም ወደ መስኮቱ መለሱ። ጀማል በመስታወቱ አየኝ።

ሜዳው በጥድ የተከበበ፣ ሣሩ አዲስ የታጨደ ነበር። በረጃጅም ጠረጴዛዎች ላይ ያጨሱት ዓሣና ጥቁር ዳቦ ተደርድሯል። ኤይኖ ጾሜን ያውቃሉና ቅቤ ያልነካው ቅቅል ድንችና ከጓሯቸው የለቀሙትን እንጆሪ በሣህን ይዘውልኝ መጥተዋል። እርሱን ልበላ ዞር ስል ነው እንግዲህ፣ አንድ ገመዱ የተፈታ ቀይ ውሻ እየጮኸ ወደ እኔ የተወረወረው።

ያደግሁበት ነገር አይለቅምና እጄ ሳያማክረኝ ወደ መሬት ወረደ፤ ድንጋይ ፍለጋ ነው። በሀገራችን ሰው እንዲህ ጎንበስ ያለ እንደሆነ፣ ድንጋይ ኖረም አልኖረም፣ ውሻ ዞሮ ይፈረጥጣል። የካናዳ ውሻ ግን ይህን ትምህርት አልተማረም። ቆም አለና እርሱም የፊት እግሮቹን ዘርግቶ ጎንበስ አለልኝ፤ ወዲያው ዘልሎ ፊቴን ከአገጭ እስከ ግንባር ላሰው።

«ዲያቆን! ዛሬ ደግሞ ለውሻ መስገድ ጀመርህ?» አለ ጀማል፣ ሆዱን ይዞ እየሳቀ።

ፊቴን ስጠርግ አንዲት ባርኔጣ ያደረጉ ሴትዮ ከፊቴ ቆመው አየሁ። የውድድሩ ዳኛ ናቸው።

«ውሻን በራሱ ሥርዓት ሰላም የሚል ሰው ካየሁ ስንት ዘመኔ!» አሉ። «ሰው ከላይ ቁልቁል ሲመለከተው ውሻ ይፈራል። ዝቅ በሉለት እያልሁ አስተምራለሁ፤ የሚሰማኝ የለም። አንተ ማን አስተማረህ?»

እውነቱን ልናገር አፌን ስከፍት ጀማል በአማርኛ ቀደመኝ። «ዝም በል! ድንጋይ ላነሣ ነበር ልትላቸው ነው? በእግራችን ነው የሚመልሱን።»

ኤይኖም ከወንበራቸው ሆነው «ድምፅም ተምሯል!» ብለው ጨመሩ። «በሀገሩ ዜማ ተምሮ ነው ያደገው። ጧት ሲዘምር እሰማዋለሁ።»

ሴትዮዋ ይህን ሲሰሙ ዓይናቸው በራ። ለካ ጭንቅ ይዟቸው ኖሯል። በደንባቸው መሠረት ዳኛ ሁለት ነው፤ አንዱ የውሻውን ቁመናና አኳኋን ያያል፣ ሌላው ጩኸቱን ብቻ ይሰማል። ሰሚው ዳኛ መኪናው መንገድ ላይ ተበላሽቶበት ቀርቷል፤ እዚያ ያለው ሰው ሁሉ ደግሞ ውሻ ያስመዘገበ ነው።

«እኔ የኤይኖ ተከራይ ነኝ፤ አዳልቷል ብባልስ?» አልኋቸው። ይህን ስል የኔታ ትዝ አሉኝ። የኔታ ተማሪ ዜማውን ሲያሰማቸው ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው፣ ነጠላቸውን ተከናንበው ነበር የሚቀበሉት። ምክንያቱን ብንጠይቃቸው «ልጁን ያየሁት እንደሆነ አዝንለታለሁ» ብለውናል። ስለዚህ ለዳኛዋ «ጀርባዬን ላዙር፤ ተራውም በዕጣ ይሁን» አልኋቸው። ሁሉም ተስማማ።

በመጀመሪያ ቁመና ታየ። ዳኛዋ ጥርስ ገልጠው፣ በወፍራሙ ጠጕር ውስጥ ጣታቸውን ሰድደው፣ የጅራቱን ጥቅል ዘርግተው መልሰው ሲለቁት፣ አንድ መምህር ብራና የሚመረምር ይመስል ነበር። ከዚያ ገለባ የተጠቀጠቀባት ትልቅ ወፍ በገመድ ጥድ ላይ ተሰቀለች፤ እኔም ፊቴን ወደ በቆሎው አዙሬ ዓይኔን ጨፈንሁ።

የመጀመሪያዋ ውሻ ጥድፊያ አበዛች፤ ቶሎ ጨርሶ መቀመጥ እንደሚፈልግ ተማሪ ትንፋሽ አጠራት። ሁለተኛዋ ጥርት ያለ፣ ወጥ ድምፅ ነበራት፤ ከጀመረች እስክትጨርስ አልተዛነፈችም። ሦስተኛዋ አፏን ስትከፍት ግን የኔታ ያላሰቡት ነገር ገጠመኝ። አወቅኋት። ጀርባ ማዞር ምን ያደርጋል? ያ ድምፅ በየማለዳው ከራሴ በላይ የሚወርድ የሩስካ ድምፅ ነው።

እንዴትስ ያለ ድምፅ ነበር! በመስኮት ለሽኮኮ የምትጮኸው ጩኸት አልነበረም። ወፈር ያለ፣ የረጋ፣ ጫካውን ሞልቶ የሚመለስ። እውነት መናገርና ኤይኖን ማስደሰት በአንድ ጊዜ ሊሆንልኝ ነው ብዬ ልቤ ዘለለች። በዚህ መካከል ከወንበሮቹ በኩል ሳል ሰማሁ፤ ያ ጎንበስ የሚያደርጋቸው ሳል። ወዲያው ጩኸቱ ቆመ። የበቆሎው ቅጠል ሲንኮሻኮሽ ብቻ ይሰማኝ ነበር። ሳሉ ሲበርድ ሩስካ እንደ ገና ጀመረች። አራተኛዋ ቡችላ ቢጤ ነበረች፤ ሁለት ጊዜ ጮኻ መጫወት ጀመረች።

ዳኛዋ ወደ እኔ መጡ። «ሦስተኛዋን አውቄያታለሁ» አልኋቸው። «የኤይኖ ናት። ፍርዴን ባይቀበሉኝ አልቀየምም።»

«ማወቅህን ነገርኸኝ። አሁን የሰማኸውን ንገረኝ።»

ዝማሬ ውስጥ የትንፋሽ ማረፊያ አለ። ያቺን ዝምታ «ትንፋሽ ነው» ብል ማን ይከራከረኛል? ኤይኖ በመኪና ውስጥ ያሉት ነገር በጆሮዬ አለ። የኔታም በጆሮዬ አሉ። «ከሁሉ የሚበልጠው ድምፅ የሦስተኛዋ ነው» አልሁ። «ነገር ግን ተቋረጠ። ያልተቋረጠችው ሁለተኛዋ ናት።»

ዳኛዋ ራሳቸውን ነቀነቁ። «ዓይኔም ያየው ይህንኑ ነው። ፊቷን ከወፊቱ መልሳለች፤ የጩኸቱ ፍርድ ግን የሰሚው ነው።»

የአንደኛነቱ ሰማያዊ ጥብጣብ ለሁለተኛዋ ተሰጠ። ኤይኖ ወዳሉበት ሄድሁ። ሲስሉ አቀርቅረው ስለ ነበር የሆነውን አላዩም።

«ምን ሰማህ?» አሉኝ።

«ተቋረጠች።»

«ሩስካ? በጫካ ውስጥ ነጎድጓድ ያላቋረጣት ውሻ? መቼ?»

«እርስዎ ሲስሉ።»

ዳኛዋ ከኋላዬ ቆመው ነበርና ኤይኖ ቀና ብለው ጠየቋቸው፦ «ፊቷን ወዴት መለሰች?»

«ወደ አንተ፣ ኤይኖ።»

ይቆጣሉ ብዬ ነበር። እሳቸው ግን ኮፍያቸውን አውልቀው የሩስካን አንገት አቀፉ። «አንቺ ሞኝ!» አሏት። «ወፏን ጥለሽ? አንቺ የማትረቢ ሞኝ!» እየሳቁ ነው ብዬ ስጠጋ ጉንጫቸው ርሷል።

ስንመለስ በመንገድ ላይ እንዲህ አሉን፦ «አይላ ስትሞት፣ ስታመም የሚሰማኝ ሰው አለቀ ብዬ ነበር።» ከዚያም፣ እውነት መሆኑን ሊፈትኑ መሰለኝ፣ ሆን ብለው ሳሉ። ሩስካ ከመቀመጫዋ ዘልላ ልትደርስላቸው ስትል፣ መንገዷ ላይ የነበረውን የጀማልን ማጅራት ላሰችው።

«ያ አላህ! ሄደ ሺፍቴ!»

ኤይኖ እስከ ቤት ድረስ ሳቁ፤ ሳቁ ደግሞ እውነተኛውን ሳል አመጣባቸው።

ሩስካ አልወለደችም። የአይላ ውሾች ዘር በእርሷ አበቃ። መከር ሲገባ ሁለቱም ወደ ሰሜን ሄዱ። ኤይኖ በስልክ ሲያገኙኝ «ስማ» ይሉና ይስላሉ፤ ከዚያ የውሻ ጥፍር በእንጨት ወለል ላይ እየሮጠ ሲመጣ ይሰማኛል። «ሰማህ?» ይሉኛል። «ሰማሁ» እላቸዋለሁ። በኋላ ልጃቸው ደውላ ማረፋቸውን ነገረችኝ፤ ሩስካ ከአልጋቸው ሥር ነበረች አለች።

ዛሬ በሰበካችን ሽምግልና እቀመጣለሁ። ባልና ሚስት፣ ወንድምና ወንድም ተጣልተው ሲመጡ የደረሰውን ጥፋት እንሰማለን፤ ጥፋቱንም ጥፋት እንላለን። ከዚያ በኋላ ግን ያ ሰው ሥራውን የተወ ጊዜ ፊቱን ወዴት መልሶ እንደ ነበር ሳልጠይቅ አልነሣም። ያቺን ዝምታ ለኤይኖ ስል ብሸሽግላቸው ኖሮ ቡችሎቹን ያገኙ ነበር፤ «ወደ አንተ» የሚለውን መልስ ግን አያገኙም ነበር። አሁን ሬክስዴል የሚኖረው ሐጂ ጀማል በዚህ አይስማማም። «ቡችላም መልስም ማግኘት ይችሉ ነበር፤ አንተ ግን ድሮም ችኮ ነህ» ይለኛል። እንከራከራለን፤ ደስ ይለናል።

እናንት ይህን ያነበባችሁ፣ ቸሩ አምላክ ቤታችሁን በጤና ይሙላው፤ ልጆቻችሁን ያሳድግ፤ ሽማግሎቻችሁን ይጠብቅ። በደከማችሁም ቀን፣ ሳላችሁን ሰምቶ የያዘውን ሁሉ ጥሎ ወደ እናንተ የሚዞር አያሳጣችሁ። አሜን።