ፍሪጅ ባዶውን አይሸኝም

ወረቀቱን ያመጣሁት እኔ ነኝ። በስደት በምንኖርበት ሰፈር፣ ሜይፌር ውስጥ፣ የመብራት ካርድ ከምንገዛበት ሱቅ መስኮት ላይ ተቆልሎ ነበር፤ ሰዉ ካርዱን ገዝቶ ይሄዳል፣ ወረቀቱን የሚነካው የለም። እኔ ወረቀት አይቼ ማለፍ አልችልም። ትምህርት ቤት የገባሁት በሃያ ስድስት ዓመቴ ነው፤ ከዚያ በፊት የመድኃኒት ካርቶን እንኳን ሰው ለምኜ ነበር የማስነብበው። ስለዚህ በልጅነቱ ፊደል የቆጠረ ሰው የሚዘለውን እኔ አልዘልም። የሳሙና ጀርባ አነባለሁ። የደረሰኝ ጀርባ አነባለሁ፤ ብዙ ጊዜ ምንም የለውም፣ ግን አይታወቅም።

ወረቀቱ እንዲህ ይላል። መብራት የሚበላ አሮጌ ፍሪጅ ያለው ሰው፣ የመብራት ቆጣቢ ምልክት የተለጠፈበት አዲስ ፍሪጅ ገዝቶ ደረሰኙን ሲያቀርብና አሮጌውን ሲያስረክብ፣ ከከፈለው ላይ ጥሩ ድርሻ ይመለስለታል።

ራት ላይ ለባለቤቴ ሳነብለት ማኘኩን አላቆመም።

«መብራት የሚያጠፋብን ሰውዬ ነው ብር የሚመልሰው?»

«ሰውዬ አይደለም፣ መሥሪያ ቤት ነው።»

«መሥሪያ ቤት ከሆነማ ጭራሽ አይመልስም።»

አብረውን የሚኖሩት አክስቱ፣ እኔ እትዬ የምላቸው፣ ወደ ፍሪጁ ዞር ብለው አዩት። እዚህ አገር ሲመጡ መጀመሪያ የገዙት ዕቃ እሱ ነው። ሲነሳ እንደ አሮጌ ታክሲ ይንቀጠቀጣል፤ ሲያርፍ ደግሞ ረጅም ትንፋሽ ያወጣል፣ እሳቸውም «እፎይ በል» ይሉታል። የመብራቱ ካርድ ከሳምንት የማያልፈው በማን እንደሆነ ሁላችንም እናውቅ ነበር፤ ፊቱ ግን አናወራውም።

የባለቤቴ የዕቁብ ዕጣ የወጣው በዚያው ሰሞን ነው። ከከተማው ወጣ ብሎ ቮስሎሩስ ውስጥ ትንሽ ሱቅ አለችው፤ በዕጣው ለለስላሳ መጠጥ የሚሆን ባለመስተዋት ማቀዝቀዣ ሊገዛ አስቦ ነበር፤ ዲሴምበር ከመድረሱ በፊት። በዚህ አገር የዲሴምበር ሙቀት ለብ ያለ ለስላሳ የሚሸጥ ሰው ራሱ ጠጥቶ ይጨርሰዋል። እኔ ግን ሦስት ምሽት ሙሉ ወረቀቱን እያነበብኩ አስረዳሁት፤ በዕጣው መጀመሪያ የቤቱን ፍሪጅ እንግዛ፣ ተመላሹ ሲመጣ ከተረፈው ጋር ተደምሮ የሱቁ ማቀዝቀዣ ይሆናል፤ ሁለቱም ይገኛሉ።

«እሺ፣ አንብበሻል፣ አምኜሻለሁ» አለኝ በሦስተኛው ምሽት። «ካልመጣ ግን እዚህ ቤት ወረቀት የማነበው እኔ ነኝ።»

ይህ ቀልድ አይደለም። ባለቤቴ ከወረቀት ላይ የሚያነበው ቁጥሩን ብቻ ነው። የቤት ኪራዩን ውል በእሱ ንባብ ብንፈርም ኖሮ የአከራዩንም ውሻ እኛ ነበርን የምንቀልበው።

አዲሱ ፍሪጅ መጣ፤ ድምፅ የለውም። እትዬ ለሁለት ቀን በሞቱ አዝነው ነበር፤ ሞቶ የመጣ መስሏቸው። አሮጌው እስኪወሰድ ድረስ ሁለቱ ወጥ ቤት ውስጥ ጎን ለጎን ቆሙ። ጎረቤት ስኳር ሊበደር ሲመጣ ሁለት ፍሪጅ ያያል፤ ከዚያ ስኳሩን ትቶ ብር ይበደረናል።

የርክክቡ ደንብ በአራተኛው አንቀጽ ላይ ነው። አሮጌው ፍሪጅ በዕለቱ ቀዝቃዛ፣ ባዶና በሩ ያልወለቀ መሆን አለበት፤ ርክክቡም ከኖቬምበር አያልፍም። የተሰጠን ቀን የገና ጾም በገባ በሦስተኛው ቀን፣ ወሩ ሊያልቅ ሲል ነበር። በዋዜማው ፍሪጁን አጠብኩ፣ በረዶውን አቀለጥሁ፣ ማዕዘኖቹን በጥርስ ብሩሽ ፈተግሁ፣ አደረቅሁ፣ ባዶውን አስነሳሁት። በሩን በፕላስተር አሽጌ «ተዘጋጅቷል፤ አይከፈት» ብዬ ለጠፍኩበት። በእጅ ጽሑፌ እኮራለሁ።

በማግስቱ ጠዋት የደረሰኙን ፎቶ ኮፒ ላስነሳ ወጣሁ። ፍሪጁን የሚረከበው ሰውዬ ከቀኑ ዘጠኝ እስከ አሥር ሰዓት ባለው ይመጣል ተብሏል። አሥር ሰዓት ላይ መብራት ሄደ። ሰውየው አልመጣም።

ሱቁን ዘግቶ የቀረው ባለቤቴ ወጥ ቤቱ በር ላይ ተደግፎ ቆመ። እኔ ፍሪጁን በጆሮዬ ነበር የምከታተለው። አይንቀጠቀጥም፣ አይተነፍስም። ባዶ ፍሪጅ ቶሎ ይሞቃል፤ ይህንንም አንብቤአለሁ፣ የአዲሱ ፍሪጅ መመሪያ ገጽ አሥራ አንድ ላይ።

«ውስጡን ልየው» አልኩ።

እትዬ በፍጥነት በፍሪጁና በእኔ መካከል ገቡ። «አይከፈት ይላል» አሉኝ።

«የጻፍኩት እኔ ነኝ እኮ እትዬ።»

«ታዲያ ጽፈሽ ነው የምታፈርሺው?»

ወደ ኋላ ተመለስኩ፤ ትክክል ነበሩ።

ሰውየው አሥራ አንድ ተኩል ላይ ፒክአፑን፣ እዚህ ባኪ የሚሉትን፣ በራችን ላይ አቆመ። መነጽሩን ግንባሩ ላይ የሰቀለ ጎልማሳ ነው፤ ሁለት ተሸካሚዎች ከኋላ ተጭነዋል። ባለቤቴ በሱቅ ዙሉው «ሳውቦና» ብሎ ሰላም አለው፤ እሱም «የቦ ማይ ፍሬንድ» ብሎ ፎርሙን አወጣ። መብራት መሄዱን ስነግረው ትከሻውን ነቀነቀ። በውስጡ አምስት ዲግሪ ወይም ከዚያ በታች ከሆነ ይወስደዋል፤ ካለፈ ግን ጥሎት ይሄዳል፣ ሌላ ቀጠሮ ያለው በጃንዋሪ ነው። ይህን ለሁለቱ በአማርኛ ተረጎምኩ። ባለቤቴ የወረቀት ማስቀመጫዬን አየው፣ ሊረከበኝ እንዳሰበ።

ሰውየው ፕላስተሩን ላጥ አድርጎ በሩን ከፈተ።

ፍሪጁ እስከ አፉ ሞልቶ ነበር። በየመደርደሪያው የአይስክሬም ዕቃ ተደርድሯል፤ ከላይ ፍሪዘሩ ውስጥ ደግሞ በረዶ የሆነ ውኃ በጠርሙስ።

«ሃይቦ» አለ ሰውየው።

«እትዬ» አልኩ እኔ።

«ምን አጠፋሁ?» አሉ። «አንቺ ስትወጪ ፕላስተሩን ልጬ ከአዲሱ አውጥቼ ጨመርኩበት፤ መልሼም አሸግሁት። የሰው ሳህን እንኳን ባዶውን አይመለስም። ይህን ያህል ዓመት ያበላንን ዕቃ ባዶ ሆዱን ልሸኘው? የሚወስዱት ቤት ምን ይሉናል?»

ባለቤቴ ግንባሩን በእጁ ያዘ። ሰውየው አንዱን የአይስክሬም ዕቃ ከፍቶ አየ፤ ደስ ብሎት ነበር የከፈተው፣ ውስጡ የረጋ ምስር ነው። የእኔም እናት እንዲሁ ናት፣ በአይስክሬም ዕቃ ውስጥ አይስክሬም አግኝቼ አላውቅም አለ። ከዚያ እስክሪብቶውን አወጣና «ባዶ» በሚለው ሳጥን ላይ ኤክስ ሊያደርግ እጁን አነሳ።

«ይቅርታ» አልኩት። «መጀመሪያ ቅዝቃዜውን ይለኩ።»

መጀመሪያ ባዶነቱን ነው የማየው አለ፤ አውጡና እለካለሁ። ይህን ሁሉ ዕቃ በተከፈተ በር፣ ያለ መብራት ስናወጣ ፍሪጁ እንደሚሞቅ ሁለታችንም ገብቶናል። ወረቀቱን ዘረጋሁለት። «አንቀጽ አራት። ቀዝቃዛ፣ ባዶ፣ በሩ ያልወለቀ። ቀዝቃዛ ይቀድማል።»

«ዝርዝር እኮ ነው።»

«ዝርዝር ከሆነ ከየትም መጀመር ይቻላል። ተራ ከሆነ ደግሞ ከቀዝቃዛው ይጀመራል። የትኛው ይሻልዎታል?»

ሰውየው መነጽሩን ከግንባሩ አውርዶ አንቀጹን አነበበ። ደግሞ አነበበው። ለመጀመሪያ ጊዜ ያነበበው ይመስለኛል። ከዚያ ወደ ባለቤቴ ዞሮ፣ ማይ ፍሬንድ፣ ከዚች ሴት ጋር እንዴት ትኖራለህ አለው።

«እየፈረምኩ» አለ ባለቤቴ።

የሙቀት መለኪያውን በምስርና በጎመን መካከል ሽጎጥ አድርጎ በሩን ዘጋ። አሥር ደቂቃ ይቆያል። በአሥሩ ደቂቃ ማንም አልተቀመጠም። ሲከፍተው ሦስት ዲግሪ ይላል። የእትዬ ምስርና የጠርሙሱ በረዶ ቅዝቃዜውን ይዘው አቆይተውታል፤ በእኔ አዘገጃጀት ቢሆን ባዶ፣ ንጹሕና ሙቅ ነበር የሚሆነው። ይህን ለማንም አልተናገርኩም፤ ባለቤቴ ግን ሳቀ።

አሁን መውጣት ነበረበት። እትዬ እጃቸውን ዘርግተው ቆሙ።

«ባዶውን አይሄድም።»

ለሰውየው ተረጎምኩለት። እሱም ለማንም ቤት እንደማይሰጥ ነገራቸው፤ ጋዙ ይቀዳና ይጨፈለቃል።

«ሊጨፈልቁት ነው? ታዲያ ቀዝቃዛ ይሁን ያሉት ለምንድን ነው?»

ለማስረዳት ሞከርኩ። የማይሠራ ፍሪጅ መብራት አይበላም፤ የሚከፍሉት የሚበላውን ከቤት ለማስወጣት ነው።

እትዬ አሰላሰሉ። «እንግዲያው የሞተውን ትተው የሚሠራውን ይገድላሉ» አሉ። ይህንንም ተረጎምኩ። ሰውየው፣ እኔም አለቃዬን ጠይቄው ነበር አለ።

በመጨረሻ የተስማማነው እንዲህ ነው፤ ፍሪጁ የሚሄደው በባኪው ስለሆነ፣ ምስሩ ባኪው ጋቢና ውስጥ ከገባ አብሮ እንደሄደ ይቆጠራል። እትዬ ለሰውየው ሁለት፣ ለተሸካሚዎቹ አንድ አንድ ዕቃ አስያዟቸው። ቀሪውን ወደ አዲሱ መለስን። ሰውየው ባዶ የሚለውን ሳጥን ራይት አድርጎ ፎርሙን ሊያጥፍ ሲል፣ ከታች በአትክልቱ መሳቢያ ውስጥ የተጠቀለለ ነገር አየሁ።

ዝም ማለት እችል ነበር። ባለቤቴ ዐይኔን ተከትሎ አይቷል፤ በዐይኑ ዝም በይ አለኝ።

«አንድ ቀርቷል» አልኩ።

ቅርፊቱ ዘይት የተቀባ ግማሽ ዳቦ ነበር። ሰውየው አውጥቶ ቆርሶ ጎረሰ፣ ፎርሙንም በዳቦው እጅ ያዘው። ፎርሙ ከግርጌው «ነጠብጣብ ያለበት ተቀባይነት የለውም» ይላል። የዘይት ጣት ፊርማዬ ላይ አርፏል። አዲስ ፎርም አስመጣሁና ሁሉንም እንደገና ገለበጥኩት። ፍሪጁ ባኪው ላይ በገመድ ታስሮ ቆሟል፣ ተሸካሚዎቹ ጥሩምባ ይነፋሉ። እኔ የፍሪጁን መለያ ቁጥር በሁለት ሰው አፍ አስነብቤ ነበር የምጽፈው።

ተመላሹ በሦስተኛው ሳምንት መጣ። ባለመስተዋቱ ማቀዝቀዣ ቮስሎሩስ ነው ያለው፤ ገና ከመግባቱ ልጆች ግንባራቸውን ለጥፈውበታል አሉ።

ባለቤቴም ለሰው ሁሉ ነገረ። አሁን ሰዎች ወረቀት ይዘው ይመጣሉ፤ የኪራይ ውል፣ የስልክ ዋስትና፣ ከትምህርት ቤት የተላከ ደብዳቤ። ባለፈው ቅዳሜ አንዱ የትራፊክ ቅጣት አመጣልኝ፤ ከዳቬይተን ነው ለዚሁ ብሎ የመጣው። ፊትና ጀርባውን አነበብኩለት፣ ትንንሹንም ፊደል።

«ምን ይላል?» አለኝ።

«ክፈል ይላል።»

«ጀርባው ላይስ?»

«ቶሎ ክፈል።»

«ማንበብ የምትችይ መስሎኝ ነበር» ብሎ አኩርፎ ሄደ።