የአዲሱ ፒፓ ማሟሻ

ዛሬ ወንድሜ ለአባባ አዲስ ፒፓ ገዝቶ መጣ። አባባ እንዳዘዘኝ ውስጡን ማር ቀብቼ ትንሽ ትምባሆ ስሞላበት፣ የማሩና የትምባሆው ሽታ ተቀላቅሎ ልጅነቴ ፊቴ ድቅን አለ።

ያኔም የአሰላ ብርድ በር አያስከፍትም ነበር። አባባ አዲስ ፒፓ ሲገዛ የመጀመሪያዎቹን ቀናት አፉ አያስጠጋውም። ያልተሟሸ ፒፓ እንጨት እንጨት ይላል፣ ጉሮሮ ይልጣል። ስለዚህ ለእማማ ይሰጣታል። እማማ ደረቷን ያማታል። እያሳላት ትስበዋለች፣ እንባዋ ጉንጯ ላይ ይወርዳል፣ እሱ ጋዜጣውን ያነባል።

«አባባ፣ እማማን እኮ አሟታል» አልኩት አንድ ቀን።

«ድስቱን ማን አሟሸው?» አለኝ ቀና ሳይል። «ጋኑንስ? እሷ አይደለችም?»

እውነትም እሷ ስለነበረች ነገሩ ልክ መሰለኝ። ፒፓው መምረሩን ሲተው ከእጇ ወሰደው።

ዛሬ ክብሪቱን ልጭር ስል አባባ እጄን ያዘኝ።

«አንቺ ጀምሪልኝ ልጄ። የኔ ደረት እንደ ድሮው አይደለም።»

ፒፓውን አፉ ውስጥ ከተትኩለትና ለኮስኩት።

«ሳበው አባባ» አልኩት። «የምታሟሽልህ ሞታለች።»