የወይዘሮ ለተብርሃን ዊልቸር በቡልቡላ ኮብልስቶን ላይ

ቅዳሜ ጠዋት አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ከቦሌ ሚካኤል ተነሳን። ፒካፑ ላይ የጫንነው አንድ ዊልቸር ነው፤ የምንሄደው ቦሌ ቡልቡላ፣ ወይዘሮ ለተብርሃን ቤት። አብሮኝ ያለው ናስር ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ሜካኒካል ምህንድስና ያስተምራል። እኔ ብየዳ ቤት አለኝ።

ባለፈው ክረምት ለወይዘሮ ለተብርሃን የሠራሁላቸው ዊልቸር የፊት ጎማው ተገንጥሎ ጣላቸውና እጃቸው ተሰበረ። እንቅልፍ አጣሁ። የተሰበረውን ብረት በፌስታል ይዤ ዩኒቨርሲቲ ሄድኩ። ናስርና ተማሪዎቹ ፈትሸው፣ የበየድኩት ጭነቱ ሁሉ በሚያርፍበት ቦታ ላይ መሆኑን አሳዩኝ። እነሱ የነደፉት አዲስ ዊልቸር ደግሞ አገር ውስጥ የማይገኝ ቱቦ የሚፈልግ ሆነ። መርካቶ ወስጄ ያለውን አሳየኋቸው፤ ንድፉን እንደገና ሠሩት። ሦስት ጊዜ በይደን ሦስት ጊዜ አፈረስን። ይሄ አራተኛው ነው።

ሁለት ሰዓት፣ ቡልቡላ

መግቢያው ላይ ቦምቦሊኖ በሻይ ቀመስን። ናስር የሱን ሳይጨርስ ተወው። ከዚያ ወዲያ አስፋልቱ አልቆ ኮብልስቶን ነው።

ወይዘሮ ለተብርሃን ከኮንዶሚኒየሙ ምድር ቤት በር ላይ፣ በርጩማ ላይ ተቀምጠው ጠበቁን። ዊልቸሩን አዩና ፊታቸውን አዞሩ።

«ሙሉዬ፣ ሁለተኛ አልወድቅም» አሉኝ።

«መጀመሪያ እኔ ልቀመጥበት፤ እርስዎ ይዩኝ» አልኳቸው።

ያንኑ የወደቁበትን ቁልቁለት ወረድኩ። ናስር ከጎኔ ይሮጣል። ዊልቸሩ ተንቀጠቀጠ እንጂ አልዘመመም። ስመለስ ነጠላቸውን አስተካክለው፣ «በሉ ደግፉኝ» አሉ።

ከወደቁ ወዲህ ከግቢ ወጥተው አያውቁም ነበር። ማንም ሳይገፋቸው ጉሊቱ ድረስ ሄዱ፤ ሽንኩርት አንድ በአንድ መርጠው ገዙ። እንባዬ መጣ፤ ፊቴን አዞርኩ።

ሲመለሱ ናስርን፣ «ፍሬኑ ለተሰበረው እጄ ይከብዳል። ምን ታየኛለህ? ጻፈው እንጂ» አሉት። ጻፈው።

ስድስት ሰዓት፣ ቦሌ ሚካኤል

ሠራተኞቼ ሥራ አቁመው በር ላይ ጠበቁን።

«ቻለ?» አሉ።

«ቻለ» አልኩ።

እስከዛሬ የተበላሸ ሥራዬን ከዕቃ ጀርባ እየደበቅሁ ነበር የኖርኩት። ዘንድሮ አንዱን አውጥቼ ለሚያውቅ ሰው ባሳይ፣ በሕይወቴ የምኮራበትን ዕቃ ሠራሁ። ተማሪዎቹም ከመርካቶ ቱቦ ጋር ተዋወቁ።

ናስር ወደ ቤቱ ይሄዳል ብዬ ስጠብቅ ጃኬቱን አውልቆ ሰቀለ።

«የፍሬኑን ንድፍ እንየው» አለኝ።